የቆርቆሮው ብድር

ባለፈው ኅዳር ለአንድ የዘመድ ሠርግ ወደ አምቦ ስሄድ አውቶቡሱ ጊንጪ ላይ ጎማው ተነፈሰና ሁላችንም ወረድን። መንገድ ዳር ካሉት ሱቆች በአንዱ ደጃፍ አንዲት ሴት ከበርሜል ላምባ በጎማ ቱቦ እየሳበች ወደ ጠርሙስ ታንቆረቁራለች። ሌላው ሰው ላምባ ሲሸተው ራሱን ያመዋል፤ እኔን ይርበኛል። ልጅ ሆኜ ምሳዬን የምበላው እዚያው ከተማ፣ በላምባ በርሜልና በጨው ጆንያ መሃል ተቀምጬ ስለነበር ነው። ጎማው እስኪቀየር አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። በዚያ ሰዓት ውስጥ አምስተኛ ክፍል የነበርኩበት፣ እናትና አባቴ ንብረት የተካፈሉበት ዓመት እንዳለ መጣብኝ።

ሱቁ የእናቴ ነበር። ሱቅ ስል የመኖሪያ ቤታችንን የፊት ክፍል ማለቴ ነው፤ በአንድ የሳንቃ መደርደሪያ ላይ ጨው፣ ክብሪት፣ የልብስ ሳሙና፣ ሻማ፣ አንዳንዴም ከተገኘ ስኳር ይቀመጥበታል። አባቴ እህል በሚገዛ መሥሪያ ቤት ሚዛን ያዥ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጆንያ ሲመዝን ስለሚውል ማታ ቤት ሲገባ እኔንም ሽቅብ ብድግ አድርጎ ኪሎዬን ይናገር ነበር። ብዙ ጊዜ አይስትም።

ከእናቴ ደንበኞች የሚበዙት በገበያ ቀን ከደንዲ በኩል የሚመጡ ገበሬዎች ናቸው። ክረምቱን በዱቤ ይወስዱና እህል ሲወቃ ይከፍላሉ። እናቴ መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ቆጥራለች፤ እጇ ግን ቀርፋፋ ስለሆነ ዱቤ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አንድ የማይጣስ ሕግ ነበራት፦ ባለዕዳው ፊት አይጻፍም፣ ስሙም አይጠየቅም። የሰውየውን ስም ከጠየቅሽው አላመንሽውም ማለት ነው፤ ያላመንሽው ሰው ደግሞ ምን በወጣው ይከፍልሻል ትለኝ ነበር። ስለዚህ ሰውየው ደጃፉን እስኪሻገር እጠብቅና ከትምህርት ቤት በተረፈው ደብተሬ ላይ በምልክቱ እጽፈዋለሁ። «ቀይ በቅሎ ያለው፣ ስድስት ብር።» «ሲስቅ አፉን የሚሸፍነው፣ አሥራ አንድ ብር ከሃምሳ።» «ሁለት ጊዜ የሚሰናበተው፣ ስምንት ብር።» «ምራቷን የምታማው ሴትዮ፣ አራት ብር።» እናቴ ሳነብላት እያንዳንዱን ታውቀዋለች። እኔም አጻጻፌ እየሰላ ሄዶ፣ ሰው ዱቤ ሳይጠይቅ ገና ሲገባ ምን ብዬ እንደምጽፈው እያሰብኩ አፈጥበት ነበር።

አምስተኛ ክፍል ከመግባቴ በፊት በነበረው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ የቤታችን ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ሣፋና ማሰሮ ሁሉ ወለሉ ላይ ተደረደረ፤ ጨው ሟሙቶ በጆንያው ሥር ወረደ። አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ዕቃ ልታመጣ ሆለታ ሄዳ ሳለ ኦቦ ነገራ መጡ። የአባቴ የአጎት ልጅ ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖሩ ገበሬ ሲሆኑ ያን ሰሞን አንድ በሬ ሸጠው ነበር። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ። ከኮታቸው ኪስ በመሐረብ የተቋጠረ ብር አወጡና ለአባቴ ሳይሆን ለእኔ ሰጡኝ። የትምህርት ቤት ልጅ እያለች እኛ ለምን እንደክማለን፣ ትቁጠርልን አሉ። በጨው ጆንያው ላይ አሥር አሥሩን እየደረደርኩ ቆጠርኩት። ስድስት መቶ ብር ነበር። ያን ያህል ብር በእጄ ገብቶ ስለማያውቅ ሁለተኛም ቆጠርኩት።

አባቴ ወረቀት ልጻፍልህ ሲላቸው ኦቦ ነገራ ተቀየሙ። በወንድማማች መሃል ምን ወረቀት አለ ብለው ሻይም ሳይጠጡ ሄዱ። አባቴ ወደ እኔ ዞረና፣ እናትሽ ዕዳ ስትሰማ እንቅልፍ አይወስዳትም፣ ምንም እንዳትነግሪያት አለኝ። ለእሷ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው አላት። በሳምንቱ ሃያ አራት ቆርቆሮ መጣ፤ ጣሪያው ተለበሰ፤ ዝናቡ ከዚያ በኋላ ጩኸት ብቻ ሆነ። እኔም አላየሁም ማለትን የተማርኩት ያኔ ከአባቴ ነው።

በጥቅምት አባቴ ከቤት ወጣ። ስለ ምን እንደተጣሉ እስከ ዛሬ በቅጡ አላውቅም፤ ሁለቱ ለየብቻ የነገሩኝ እርስ በርሱ አይገጥምም። ከድልድዩ ማዶ አንድ ክፍል ተከራየ። ቀበሌው ጉዳያቸውን ሰምቶ መጀመሪያ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ይዩት፣ ከዚያ ሀገረ ሕይወት ፍርድ ቤት ይጸድቃል አለ። ሀገረ ሕይወት አምቦ መሆኗን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስሙን ስሰማ ሰው ሞቶ የሚሄድበት አገር መሰለኝና፣ ከሁለቱ ማንኛቸው እንደሚሞቱ ሳሰላስል ሰነበትኩ።

ቤቱ እኩል ይከፈላል ሲባል ደግሞ በመጋዝ የሚከፈል መሰለኝ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ባመጣሁት ጠመኔ ከበሩ እስከ ጓሮው ግድግዳ ወለሉን ለሁለት አሰመርኩት። አልጋዬ መሃል ላይ ወደቀ። እናቴ ገብታ መስመሩን አየች፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው።

ሽማግሌዎቹ አምስት ነበሩ፤ ሁለት በአባቴ በኩል፣ ሁለት በእናቴ በኩል፣ አንድ ሰብሳቢ። ሰብሳቢው ኦቦ ዲንሳ ጆሯቸው የደከመ፣ ዓይናቸው ግን ምንም የማያመልጠው ሽማግሌ ነበሩ። እናቴ ዘመዶቿ ሩቅ ስለሆኑ ከመረጠቻቸው አንዱ የሰፈራችን ጨርቅ ነጋዴ ጋሽ ከድር ነበር። እስላም እንዴት የክርስቲያን ትዳር ይዳኛል ያለ ሰው አልጠፋም። ኦቦ ዲንሳ ግን ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገናል ብለው ዘጉት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እቤታችን ተቀመጡ። ሀብቱ ብዙ አልነበረም፦ ቤቱ ከነሱቁ፣ ገጠር ለሚያረባት ሰው በእርቢ የተሰጠች አንዲት ላም ከነጥጃዋ፣ ሬዲዮ፣ አልጋ። ላሚቱና ሬዲዮው ለአባቴ፣ ቤቱ ልጅ ለምታሳድገው ለእናቴ ተባለ። አባቴም አልተቃወመም። ቀጥሎ ሌላው ሰው ያለበት ዕዳ ይቅረብ ሲባል ደብተሬን አምጥቼ ቆሜ አነበብኩ። ቀይ በቅሎው ጋ ስደርስ ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ምራቷን የምታማው ሴትዮ ጋ ስደርስ ኦቦ ዲንሳ የዝንብ ጭራቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እኔ አንባቢነቴ የተደነቀልኝ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። በጠቅላላው አራት መቶ ሃያ ብር ነበር።

አባቴ አልሳቀም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው፤ ስም የሌለውን ዕዳ ለሷ ስጧት፣ ቀይ በቅሎ ስትፈልግ ትኑር፣ ከድርሻዬም አይታሰብ አለ። ጋሽ ከድር ወዲያው ከመካከላቸው ቃሉን ወደሚጽፈው ሽማግሌ ዞሮ፣ ባለቤቱ በፈቃዱ ትቶላታል፣ ይጻፍ አለ። ተጻፈ።

ከዚያ አባቴ እኛ ያለብን ዕዳም አለ ብሎ የኦቦ ነገራን ስድስት መቶ ብር አነሳ። በእጁ ምንም ስለሌለው ቤቱ ተሽጦ ዕዳው ይከፈል፣ የተረፈውን እንካፈል አለ። እናቴ መቀመጫዋ ላይ ቀና አለች።

«ዕዳ ከሜዳ» አለች። «እኔ ብድር ሲወሰድ አላየሁም። ቆርቆሮው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው ብሎኛል።»

ኦቦ ዲንሳ አባቴን አዩት። ያኔ ዋሽተሃታል ወይም አሁን እኛን ትዋሸናለህ፤ የቱ ነው ብለው ጠየቁት። አባቴ ያኔ ዋሽቻት ነው አለ። እውነቱን ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ እውነት ለተናገረው ሰው አይረዳውም። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ። ለትዳሩ የተበደረው ከሆነ ዕዳው የሁለቱ ነው፤ ካልተረጋገጠ ግን ወሰድኩ ያለው ብቻውን ይክፈለው አሉ። አበዳሪው ራሳቸው እንዲመጡ ለሳምንት ተቀጠረ።

ያን ሳምንት ሁሉ በሆዴ የያዝኩት ነገር ነበር። ቤቱ ከተሸጠ በዚያው ቀን አውጥተው አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የሚያሳድሩን ይመስለኝ ነበር፤ የጨው ጆንያውን ዝናብ እንዳይመታው የት እንደምናስቀምጠው ሳይቀር አስቤአለሁ። እናቴ ምንም አልጠየቀችኝም። መደርደሪያዋን በሳሙና አጠበች፣ ዕቃዋን መልሳ ደረደረች። ሐሙስ ዕለት አባቴ ትምህርት ቤት መንገድ ላይ ጠብቆኝ፣ እሁድ ከጠየቁሽ ያየሽውን ተናገሪ አለኝና ስሙኒ ሰጠኝ። ከረሜላ ገዛሁበት። እየጣፈጠኝ ፈራሁ።

እሁድ ኦቦ ነገራ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። ከበሩ ጀምሮ «አካም ጅርቱ» እያሉ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ፣ እናቴንም ሳይቀር፣ እኔንም ጉንጬን ይዘው ሰላም አሉ። ብሩን የሰጡት በሐምሌ እንደሆነ፣ በሬ ሸጠው እንደሆነ ተናገሩ። ማን ያውቃል ተብለው ሲጠየቁ ዝም አሉ። አባቴ ግን ልጅቷ ነበረች አለ።

ኦቦ ዲንሳ ልጅን በአባትና በእናት መሃል ማቆም ነውር ነው ብለው ትንሽ አንገራገሩ። በአባቴ በኩል ያሉት ሽማግሌዎች ግን ጸኑ። ተጠራሁ። ፊት ለፊታቸው ቆሜ ጫማዬን እያየሁ ነበር።

«አትፍሪ» አሉኝ ኦቦ ዲንሳ። «ኦቦ ነገራ ለአባትሽ ብር ሲሰጡ አይተሻል?»

«አላየሁም» አልኩ።

አባቴ አልተቆጣም። ተመለከተኝ፤ ኪሎዬን ሊናገር ሲል እንደሚመለከተኝ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ እናቴ መለሰ። እናቴ መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

የቀረው መሐላ ነበር። ኦቦ ነገራ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ይዘው ከማሉ ዕዳው የሁለቱ ይሆናል፣ ቤቱም ይሸጣል። ሽማግሌዎቹ ይምላሉ ወይ ሲሉ ኦቦ ነገራ ተነሱ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ እኔን አዩኝ።

«እኔ ከማልኩ ይህች ልጅ ሐሰተኛ ናት ማለት ነው» አሉ። «መሐላ የሚወድቅበትን አይመርጥም፤ በሷ ላይ ይወድቃል። በልጅ ላይ አልምልም። ዲሲ፣ ተዉት። ብሬ ይቅር።»

ወጥተው ሄዱ። በአገራችን ክፉ ነገር የፈራ ሰው ለእውነቱም ቢሆን አይምልም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። እንደዚያም ሆኖ ከተማው የተናገረው ሌላ ነው። እውነት ቢሆን ይምል ነበር ተባለ። አባቴ ሚስቱን ቤት ሊያሳጣ ከዘመዱ ጋር ተመካክሮ ዕዳ የፈጠረ ሰው ሆነ። ቤቱ የእናቴ እንደሆነ ተጽፎ ሁሉም ፈረመ፤ ወረቀቱም ሀገረ ሕይወት ሄደ፤ ማንም ግን አልሞተም።

አባቴ ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴን ሰላም ማለት ተወ። ጊንጪ ሰው የማያውቀውን መንገደኛ እንኳ እንደምን ዋልክ ሳይል የማያልፍበት ከተማ ነው። አባቴ ግን እናቴን ከፊቱ ሲያያት መንገድ ይሻገር ነበር። እኔን ያገኘኛል፣ ስለ ትምህርቴ ይጠይቀኛል፣ ስሙኒ ይሰጠኛል። ወደ ሱቁ ግን ዝር አይልም። እኔ በውሸቴ የተቀየመኝ መስሎኝ ሳየው እሸማቀቅ ነበር።

ጥር ሲገባ እናቴ ደብተሩን አስያዘችኝና ዕዳ መልቀም ጀመርን። ሥራው ከጠበቅነው ቀለለ። ግማሾቹ በገበያ ቀን ራሳቸው መጥተው ከፈሉ። ሌሎቹን ፍለጋ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ በደንዲ በኩል በእግራችን ዞርን፤ አጨዳው አልቆ መስኩ ሁሉ ገለባ ለብሶ ነበር። የቀይዋ በቅሎ ባለቤት በቅሎዋን ሸጧት ስለነበር ሰውየውን ለማግኘት ሦስት መንደር ጠይቀናል፤ ሲያየን አፈረና ከብሩ ላይ አንድ ዶሮ ጨመረልን። ምራቷን የምታማው ሴትዮ ዕዳው የምራቴ ነው ብላ ተከራከረች፤ ምራትየዋ ከፈለች። ሁለት ጊዜ የሚሰናበተው ሞቶ ነበር። እናቴ ለቅሶ ደርሳ ዕዳውን ሳታነሳ ተመለሰች። ከአራት መቶ ሃያው ሦስት መቶ ስልሳ ያህል ገባ።

መጋቢት መግቢያ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ብሩን መደርደሪያው ላይ ቆጠረች። ስልሳውን ለሸቀጥ ለየች፤ ሦስት መቶውን በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ።

«ለኦቦ ነገራ ስጪልኝ» አለች። «የእኔ ግማሽ ነው በያቸው። የቀረው ግማሽ የአባትሽ ነው።»

አላየሁም ብለሽ አልነበረም ወይ አልኳት።

«አላየሁም አልኩ፤ አላየሁም። የለም ግን አላልኩም። የአባትሽን ደሞዝ አውቃለሁ፤ ሃያ አራት ቆርቆሮ በትርፍ ሰዓት እንደማይገዛም አውቃለሁ። ያን ቀን ባምን ቤቱን ይሸጡት ነበር። ብድር ይጠብቃል፤ የተሸጠ ቤት አይጠብቅም።» ቋጠሮውን እጄ ውስጥ አጠበቀችው። «አንቺ ይህን ነገር ሳታይ በመቅረትሽ ደስ ብሎኛል።»

አምናኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ፊት የተናገርኩትን ከልቧ አምናኝ ነበር። እሷ ቃል በቃል እውነቱን ተናግራ፣ አባቴም እውነቱን ተናግሮ፣ ኦቦ ነገራም እውነቱን ተናግረው፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የዋሸሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ቋጠሮውን ይዤ ሄድኩ።

ኦቦ ነገራ ደጃፋቸው ላይ ቀንበር ይጠግኑ ነበር። ብሩን ተቀበሉ፤ አልቆጠሩትም። እናቴ ያለችውን ተናገርኩ። ከዚያ ሳላስበው፣ «ቆጥሬው ነበር። ሁለት ጊዜ» አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «አጠገብሽ ቁጭ ብዬ አልነበር?» ትንሽ ቀንበሩን ነካኩ። «ለእኔ አይደለም የምትነግሪው። ውሸታም የተባለው አባትሽ ነው። ሂጂ፣ ኢንታላ ኮ።»

ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። ከዚያው ቀጥታ ወደ ድልድዩ ማዶ ሄድኩ። አባቴ በከሰል ካውያ ሸሚዙን ይተኩስ ነበር፤ አይችልበትም፤ ኮሌታው ተጨማዶ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ፣ «አባዬ፣ ብሩን አይቻለሁ። ቆጥሬዋለሁ» አልኩት።

ቀና አላለም። «አውቃለሁ። እናትሽ አስጠናችሽ፤ አንቺ ምን ታደርጊ።»

«እሷ ምንም አላለችኝም።»

«ምንም?»

«ምንም። አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ማየቴንም አታውቅም። እኔ ነኝ። ዛሬ ግማሹን ለኦቦ ነገራ ከፍላለች።»

ካውያውን አቆመው። አልጋው ላይ ተቀመጠና እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጣኝ ደስ ባለኝ።

«አራት ወር» አለ። «ልጅ አስዋሸች ብዬ አራት ወር ሙሉ ዘጋኋት።»

ሸሚዙን ግማሹ ተተኩሶ ግማሹ ሳይተኮስ ለበሰው። እጄን ይዞ ከተማውን አቋርጠን ሄድን። ሱቁ ደጃፍ ስንደርስ ወደ ውስጥ አልገባም፤ እንደ ደንበኛ ከመደርደሪያው ወዲህ ቆመ። ሱቅ ውስጥ አንድ ሁለት ገበያተኞች ነበሩ፤ ወሬያቸውን አቋረጡ።

«እንደምን ዋልሽ፣ አስካለ» አለ፤ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ።

እናቴ ጨው ከምትሰፍርበት ቀና አለች። አየችው፣ ሸሚዙን አየች፣ እኔን አየችኝ። የእኔን ፊት ስታይ ሁሉም ነገር የገባት ይመስለኛል።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። «አንተስ እንደምን ዋልክ?»

ቀጥሎ የሚባባሉትን ጠበቅኩ። ምንም አልተባባሉም። አባቴ ክብሪት ገዛ፣ ከፈለ፣ ሄደ።